ሠላሳ ዓመት በአንድ ቤት፦ የፍራንቼስኮ ቶቲ እና የሮማ ጉዳይ

በ1997 መጀመሪያ ላይ የ20 ዓመቱ እግር ኳስ ተጫዋች ፍራንቼስኮ ቶቲ ከከተማው ክለብ ከሮማ ለመውጣት የቀረው ፊርማ ብቻ ይመስል ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አርጀንቲናዊው አሰልጣኝ ካርሎስ ቢያንቺ በልጁ አላመኑበትም፤ በውሰት ወደ ሌላው የጣሊያን ክለብ ወደ ሳምፕዶሪያ እንዲላክና በምትኩ የሆላንዱ አያክስ ፊንላንዳዊ አማካይ ያሪ ሊትማነን እንዲመጣላቸው ይወተውቱ ነበር። በዚያው ፌብሩዋሪ ሮማ በኦሊምፒኮ ስታዲየም አያክስንና የጀርመኑን ቦሩሲያ መንሸንግላድባህን ጋብዞ፣ እያንዳንዱ ግጥሚያ 45 ደቂቃ ብቻ የሚቆይበት አነስተኛ የወዳጅነት ውድድር አዘጋጀ። ተመልካቹ ሊያይ የመጣው ሊትማነንን ነበር። ሜዳው ላይ ዓይን የገባው ግን ሊሸኝ የተዘጋጀው የከተማው ልጅ ሆነ፤ ጎል አስቆጠረ፣ አቀበለ፣ ኳሷን እንደፈለገ አዘዛት። የክለቡ ፕሬዝዳንት ፍራንኮ ሴንሲ በማግስቱ የሳምፕዶሪያውን ጉዳይ ዘጉት፤ ቢያንቺ ደግሞ ሁለት ወር ያህል ቆይተው በኤፕሪል ተሰናበቱ።

ጽሑፉን ከዚህ ምሽት የጀመርኩት፣ የቶቲ ታማኝነት ብዙውን ጊዜ እንደ ተረት ስለሚነገር ነው። ልጅ በሮም ተወለደ፣ የሰፈሩን ክለብ አፈቀረ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ አልወጣም ይባልና ወሬው ያልቃል። የሆነውን ቅደም ተከተል ጠብቆ የሚመለከት ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ይህ ታማኝነት በየጊዜው ሊበጠስ ደርሶ በሌላ ሰው እጅ የተቋጠረ ነው፤ አንዴ በእናት፣ አንዴ በታዳጊዎች ኃላፊ፣ አንዴ በፕሬዝዳንት፣ አንዴም በራሱ። ተጫዋቹ አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ክለብ ግን ባለቤቱ፣ አሰልጣኙና የሒሳብ ሹሙ የሚለዋወጥበት ቤት በመሆኑ፣ ከሁለቱ ወገኖች ውሉን እስከ መጨረሻው የሚያስታውሰው አንዱ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ከሞላ ጎደል የማይቀር ነው። የቶቲ ጉዳይ ለጥናት የሚመቸውም የውሉ አጀማመርም ሆነ አፈራረስ በአደባባይ ስለታየ ነው።

ቶቲ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1976 ተወልዶ ያደገው በጥንታዊው የሮም ቅጥር በር ስም በሚጠራው የፖርታ ሜትሮኒያ ሰፈር ነው። አባቱ የባንክ ሠራተኛ፣ እናቱ ወይዘሮ ፊዮሬላ የቤት እመቤት ነበሩ። ኳስ የጀመረው በሰፈር ቡድኖች ሲሆን፣ ከዚያ በታዳጊ ተጫዋቾች ማፍሪያነቱ ወደሚታወቀው ሎዲጃኒ ወደተባለው የሮም ክለብ ተዛወረ። የኤሲ ሚላን ሰዎች ልጁን ሊወስዱ ቤት ድረስ የመጡት ሚላን በሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ ገንዘብ አውሮፓን በሚገዛበት ዘመን ነበር። እናትየው አልተግደረደሩም፤ ልጄ ገና ልጅ ነው፣ ከቤቱ ርቆ አይሄድም ብለው መለሷቸው። ወይዘሮ ፊዮሬላ ስለ ክለብ ፍቅር የተናገሩት ነገር የለም፤ የእናት ስስት ነው። ሆኖም ከብዙ ዓመታት በኋላ ሕዝብ «የሮማ ንጉሥ» እያለ የሚጠራው ሰው ታማኝነት የመጀመሪያው ድንጋይ ይህ ስስት ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ድንጋይም የተጣለው ለጥቂት ነበር። ላዚዮ፣ ማለትም የሮማ የዕድሜ ልክ ባላንጣ፣ ልጁን ከሎዲጃኒ ለመውሰድ ከጫፍ ደርሶ ነበር። የሮማ ታዳጊዎች ኃላፊ የነበሩት ጊልዶ ጃኒኒ ግን ቤተሰቡን አነጋግረው አሳመኑ፤ ነገሩ ያዘነበለውም ወደ እሳቸው ሆነ። ጊልዶ ጃኒኒ በዚያን ጊዜ የሮማ ዋና ቡድን አምበል የነበረው የጁሴፔ ጃኒኒ አባት ናቸው፤ ጁሴፔ ደግሞ ትንሹ ቶቲ የሚያመልከው ተጫዋች ነበር። ጣዖትህ የሚጫወትበት ክለብ በጣዖትህ አባት በኩል ቤትህ ድረስ መጥቶ ሲጠይቅህ እምቢ ማለት ለ12 ዓመት ልጅ ይከብዳል። ቶቲ በ1989 ሮማን ተቀላቀለ።

ለዋናው ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው ማርች 28 ቀን 1993 በብሬሻ ሜዳ፣ ሮማ 2 ለ 0 በሚመራበት ጨዋታ መገባደጃ ላይ ነው። 16 ዓመቱ ነበር። ራሱ በኋላ እንዳወጋው፣ ሰርቢያዊው አሰልጣኝ ቩያዲን ቦሽኮቭ ከተቀያሪዎች ወንበር ዘወር ብለው «ተሟሟቅ» ሲሉ ትእዛዙ አጠገቡ ለተቀመጠው ለአጥቂው ሮቤርቶ ሙዚ የተሰጠ መስሎት ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር፤ አንተን እኮ ነው ብሎ የቀሰቀሰው ሙዚ ነው። በቦሽኮቭ እግር የተተኩት የሮም ተወላጁ ካርሎ ማዞኔ ልጁን እንደ አባት ያዙት። ከጨዋታ በኋላ ጋዜጠኞች ሲከቡት መሃል ገብተው፣ አንተ ሂድና ታጠብ ብለው ያስወጡት እንደነበር ይወሳል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በሮም ከተማ፣ በየማለዳው ሬዲዮ ጣቢያዎች ስለ ክለቡ ብቻ ሲያወሩ በሚውሉበት አገር፣ አንድን ወጣት ከወሬ መጠበቅ እግሩን ከመሰበር የመጠበቅን ያህል ነው። ከማዞኔ ቀጥለው የመጡት ቢያንቺ ምን ሊያደርጉ እንደነበር ከላይ አይተናል። ከቢያንቺ በኋላ ዝዴኔክ ዜማን መጡ፤ 10 ቁጥር ማልያ ተሰጠው፤ በ1998 ደግሞ ብራዚላዊው ተከላካይ አልዳይር የአምበልነቱን አርማ ከክንዱ ፈትቶ ለ22 ዓመቱ ልጅ አስረከበ።

የአምበልነቱን ክብደት ለመረዳት የሮማን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። የጣሊያን እግር ኳስ ሀብትና ሥልጣን ያለው በሰሜን፣ በቱሪንና በሚላን ነው። ሮማ ከ2001 በፊት የሊግ ዋንጫ ያነሳው ሁለት ጊዜ፣ በ1942 እና በ1983 ብቻ ነበር። በ1984 የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ በገዛ ሜዳው በኦሊምፒኮ በሊቨርፑል በፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፏል። የዚያ ቡድን አምበል የነበረው የሮም ልጅ አጎስቲኖ ዲ ባርቶሎሜይ፣ ያ ፍጻሜ በተካሄደ ልክ በ10ኛ ዓመቱ፣ ሜይ 30 ቀን 1994 የገዛ ሕይወቱን አጥፍቷል። የሮማ አምበልነት አርማ ስስ ጨርቅ ነው፤ የተሸከመው ትዝታ ግን እንዲህ ያለ ነው።

ጁን 17 ቀን 2001 የሊጉ የመጨረሻ ቀን ነበር። ሮማ ፓርማን በኦሊምፒኮ ሲያስተናግድ ማሸነፍ ብቻ ይበቃው ነበር። በፓርማ ግብ የቆመው ወጣቱ ጃንሉዊጂ ቡፎን ነው። በ19ኛው ደቂቃ ከግራ በኩል የመጣችውን ኳስ ቶቲ ሳያቆም በቀኝ እግሩ መታትና መረቡን አርገበገባት፤ ከዚያ ማልያውን አውልቆ ወደ ደቡብ ትሪቡን፣ ወደ ኩርቫ ሱድ፣ ሮጠ። ቪንቼንዞ ሞንቴላና ክለቡ በ70 ቢሊዮን ሊሬ የገዛው ገብርኤል ባቲስቱታ ቀሪዎቹን አክለው ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ። ደጋፊው ዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ ሜዳውን ወርሮት ስለነበር የተጫዋቾቹ ልብስ እየተገፈፈ፣ አሰልጣኙ ፋቢዮ ካፔሎ እየጮሁ፣ ሕዝቡን አስወጥቶ የቀሩትን ደቂቃዎች ለመጨረስ ጊዜ ወሰደ። ሴንሲ ባቲስቱታን ለመግዛት ገንዘብ ያፈሰሱት፣ ከዓመት በፊት ዋንጫውን ላዚዮ ወስዶት ስለነበር ቁጭታቸው ጠንክሮ እንደሆነ ግልጽ ነው። በእኔ ግምት በቶቲና በክለቡ መካከል የነበረው ውል በትክክል የሠራው በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ነው፤ ተጫዋቹ ሲቆይ፣ ባለቤቱም የሚያስቆየውን ቡድን ሲሠራለት።

ከዚያ በኋላ ሚዛኑ መዛባት ጀመረ። ሴንሲ ዕዳ ተጫናቸው። በ2004 ክረምት ካፔሎ ወደ ዩቬንቱስ ሄዱ፤ ብራዚላዊው አማካይ ኤመርሰንም ተከተላቸው፤ ተከላካዩ ዋልተር ሳሙኤል ለሪያል ማድሪድ ተሸጠ። በዚሁ ጊዜ ሪያል ማድሪድ ቶቲንም ፈልጎ ነበር። የፍሎሬንቲኖ ፔሬዝ ሪያል ዚዳንን፣ ሮናልዶን፣ ፊጎንና ቤካምን በአንድ ማልያ የሰበሰበ ክለብ ነው። ቶቲ ራሱ ከሮማ ቢወጣ ሊሄድበት ይችል የነበረው ብቸኛው ክለብ ሪያል እንደነበር ደጋግሞ አምኗል፤ ማመንታቱንም አልደበቀም። ለእኔ የጉዳዩ ማዕከል ይህ ነው። በ1989 እናት ወሰኑለት፣ በ1997 ፕሬዝዳንት ወሰኑለት፤ በ2004 ግን የ27 ዓመት ጎልማሳ ነው፣ ጓደኞቹ እየለቀቁ ነው፣ በር ተከፍቶለታል፣ ውሳኔውም የእሱ ብቻ ነው። ቀረ። ሮማ በቀጣዩ ዓመት አራት አሰልጣኞች ቀያይሮ፣ እስከ መጨረሻዎቹ ሳምንታት የመውረድ ስጋት ሲያባርረው ከርሞ 8ኛ ሆኖ ጨረሰ። በክለቡ ታላቅ ተስፋ ሆኖ የመጣው አንቶኒዮ ካሳኖም በጃንዋሪ 2006 ወደዚያው ወደ ማድሪድ ተሻገረ።

የመቅረቱ ዋጋ በዋንጫ ሲሰላ ይህን ይመስላል። በ25 የውድድር ዘመናት አንድ የሊግ ዋንጫ፣ ሁለት የጣሊያን ዋንጫ (2007 እና 2008) እና ሁለት የሱፐር ዋንጫ። ሁለተኛ ደረጃ ግን በሽበሽ ነው። በ2002 ከዩቬንቱስ በአንድ ነጥብ አንሰው ቀሩ። በ2010 አራት ጨዋታ ሲቀር ሊጉን እየመሩ ሳምፕዶሪያን በሜዳቸው አስተናገዱ፤ ቀድመው ቢያገቡም ጃምፓኦሎ ፓዚኒ ሁለት ጎል አስቆጥሮ 2 ለ 1 ረታቸው፤ ዋንጫውንም ኢንተር ወሰደ። ያ ሳምፕዶሪያ ከ13 ዓመት በፊት ቶቲ ሊላክበት የነበረው ክለብ መሆኑ ታሪክ አንዳንዴ የሚጫወተው ጨዋታ ነው። የሚላኑ ፓኦሎ ማልዲኒም የአንድ ክለብ ሰው ነበር፤ እሱ ግን አምስት የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫና ሰባት የሊግ ዋንጫ አንስቷል። ስለዚህ «አንድ ክለብ ብቻ» የሚለው ማዕረግ ለሁለቱ እኩል ዋጋ አላስከፈለም። በዚያ ላይ ማልዲኒ በሜይ 2009 በሳን ሲሮ ሲሰናበት የገዛ ክለቡ ጽንፈኛ ደጋፊዎች ከፊሎቹ በፉጨት ሸኝተውታል፤ ተጋጣሚው ቡድንም ሮማ ነበር። ዋንጫ ያልሰጠው ፍቅር ለቶቲ ተሰጠው፣ ዋንጫ የሰጠው ፍቅር ለማልዲኒ ተነፈገ ብል ብዙ አላጋነንኩም።

በገንዘብ በኩል ግን ሐቁን መናገር ይገባል። ቶቲ ለሮማ ሲል የደኸየ ሰው አይደለም፤ ለረጅም ዓመታት በጣሊያን ከፍተኛ ደመወዝ ከሚከፈላቸው ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ጻድቅም አልነበረም። በ2004 የአውሮፓ አገሮች ዋንጫ በዴንማርኩ ክርስቲያን ፖልሰን ላይ ምራቁን ተፍቶ ሦስት ጨዋታ ታግዷል፤ በ2010 የጣሊያን ዋንጫ ፍጻሜ ማሪዮ ባሎቴሊን ኳስ በሌለበት በእርግጫ መትቶ በቀይ ካርድ ወጥቷል። ታማኝነት ጠባይን አያርምም፤ ደጋፊውን ይቅር ባይ ያደርገዋል እንጂ።

ሁለቱ ወገኖች እንደገና የተጣጣሙት በሉቺያኖ ስፓሌቲ የመጀመሪያ ዘመን፣ ከ2005 እስከ 2009 ነው። አጥቂዎቻቸው በጉዳት ሲያልቁባቸው ስፓሌቲ ቶቲን ብቻውን ከፊት አቆሙት፤ እሱም ወደ ኋላ እየተሳበ ተከላካዮችን ከቦታቸው እያወጣ ለአማካዮቹ ክፍተት ይፈጥር ጀመር። ቡድኑ በዚያ ዘመን 11 የሊግ ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸነፈ። በዚያ ጉዞ መሃል ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2006 ቶቲ ከኤምፖሊ ጋር ሲጫወት በደረሰበት ግጭት ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ያለው የእግሩ አጥንት ተሰበረ፤ በቲታኒየም ሳህንና ብሎኖች ተጠግኖ በአራት ወር ውስጥ ለጀርመኑ የዓለም ዋንጫ ደረሰ። በአውስትራሊያ ላይ በጭማሪ ደቂቃ ወሳኙን ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጥሮ ጣሊያን ዋንጫውን ስታነሳም አብሮ አነሳ። በማግስቱ ዓመት 26 የሊግ ጎል አስቆጥሮ በአውሮፓ ሊጎች ለዓመቱ ምርጥ ጎል አስቆጣሪ የሚሰጠውን የወርቅ ጫማ ወሰደ። በዚሁ በ2007 ክረምት ከብሔራዊ ቡድን መሰናበቱን በይፋ አስታወቀ፤ የተጎዳ አካሉን ለክለቡ ማቆየት ፈልጎ ነው። 30 ዓመቱ ነበር። ብዙ ሰው የሪያልን እምቢታ ሲያወሳ ይህን ይረሳዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ለአገር መጫወትን በገዛ ፈቃድ መተው ከሪያል በር መመለስ የሚያንስ መሥዋዕትነት አይደለም።

ፍራንኮ ሴንሲ በኦገስት 2008 አረፉ። ልጃቸው ሮዜላ ክለቡን ለጥቂት ዓመታት መርተው በ2011 ለአሜሪካውያን ባለሀብቶች ተሸጠ፤ ብዙም ሳይቆይ የቦስተኑ ጄምስ ፓሎታ ፕሬዝዳንት ሆኑ። በዚህ ጊዜ ውሉን የተዋዋሉት ሰዎች በሙሉ ከቤቱ ወጥተዋል። አዲሶቹ ባለቤቶች ክፉ ሰዎች ነበሩ ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ተጫዋች ገዝቶ አትርፎ በመሸጥ ላይ የቆመ ክለብ ሲያስቡ 40 ዓመት የሚሞላው አምበል በሒሳባቸው ውስጥ የት እንደሚገባ አለማወቃቸው ግን ይታያል።

በጃንዋሪ 2016 ስፓሌቲ ተመለሱ። ቶቲን አጥቂ አድርገው የፈጠሩት ሰው አሁን በተቀያሪ ወንበር የሚያስቀምጡት ሰው ሆኑ። ፌብሩዋሪ ላይ ቶቲ ለጣሊያን ቴሌቪዥን በሰጠው ቃለ ምልልስ ክብር እንደሚገባው ተናገረ፤ ስፓሌቲ ከፓሌርሞ ጨዋታ በፊት ከትሪጎሪያ የልምምድ ሰፈር ወደ ቤቱ ሸኙት። ሮማ ያለ እሱ 5 ለ 0 አሸነፈ። ተመልካች ሆኖ ስታዲየም ሲገባ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበለት። እዚህ ላይ ለአሰልጣኙ መፍረድ የሚገባ ይመስለኛል፤ ቡድኑ እያሸነፈ ነበር፣ የ39 ዓመት ተጫዋች ደግሞ 90 ደቂቃ አይሮጥም። ይሁን እንጂ ኤፕሪል 20 ከቶሪኖ ጋር ሮማ 2 ለ 1 እየተመራ በ86ኛው ደቂቃ ቶቲ ተቀይሮ ገባ፤ ከቅጣት ምት የተሻገረችውን የመጀመሪያ ኳሱን ተንሸራትቶ አገባ፤ ጥቂት ቆይቶ ፍጹም ቅጣት ምት መታ፤ ጨዋታው 3 ለ 2 ተገለበጠ። ቴሌቪዥኑ ትሪቡን ላይ የሚያለቅስ ጎልማሳ አሳየ። በዚያው ክረምት ክለቡ የአንድ ዓመት ውል አስፈረመው፤ የዚያን ውል ግማሽ የጻፈው ያ የሦስት ደቂቃ ሥራ ነው ቢባል አይበዛም።

ሜይ 28 ቀን 2017 ጄኖዋን ባስተናገዱበት ጨዋታ በ54ኛው ደቂቃ ግብጻዊውን ሞሐመድ ሳላህን ተክቶ ለመጨረሻ ጊዜ ገባ። ሮማ 3 ለ 2 አሸንፎ በሁለተኛነት የቻምፒየንስ ሊግ ቦታውን አረጋገጠ፤ አሁንም ሁለተኛ። 786 ጨዋታ፣ 307 ጎል፤ ከእነዚህ ውስጥ 619ኙ ጨዋታና 250ው ጎል የጣሊያን ሊግ፣ የሴሪ ኣ፣ ናቸው። ከጨዋታው በኋላ ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ሜዳውን ዞረ፤ አንዲት ኳስ ላይ «ትናፍቂኛለሽ» ብሎ ጽፎ ወደ ኩርቫ ሱድ መታት፤ የአምበልነቱን አርማ ለአንድ የክለቡ ታዳጊ አሰረለት። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ አነበበ። ልጅ ሆናችሁ ደስ የሚል ሕልም ስታልሙ እናታችሁ ለትምህርት ስትቀሰቅሳችሁ ያለውን ስሜት ታውቁታላችሁ አይደል ብሎ ጠየቀ፤ ይህ ግን ሕልም አይደለም፣ እውነት ነው፣ ፈርቻለሁም አለ። የ40 ዓመት ሰው፣ የዓለም ዋንጫ ያነሳ ሰው፣ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት ቆሞ ከነገ የሚፈራው ለምንድን ነው? ወደ ሌላ ክለብ የሄደ ተጫዋች መሄድን ይለምደዋል፤ ጓዝ መሸከፍ፣ አዲስ ሰፈር መግባት፣ እንግዳ መሆን ያውቃል። ቶቲ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ አንድም ቀን እንግዳ ሆኖ አያውቅም ነበር።

ክለቡ የዳይሬክተርነት ወንበር ሰጠው። ወንበሩ ነበረ፤ ሥራው ግን አልነበረም፤ አሰልጣኝ ሲቀጠርም ሆነ ተጫዋች ሲገዛ ቃሉ እንደማይሰማ ቅሬታውን በኋላ በግልጽ ተናግሯል። በሜይ 2019 ደግሞ ሌላው የሮም ልጅና የእሱ ተተኪ አምበል ዳንኤሌ ዴ ሮሲ፣ ከ616 ጨዋታ በኋላ፣ ውሉ እንደማይታደስ ተነገረው። ዴ ሮሲ መጫወት ይፈልግ ነበር፤ ወደ ቦነስ አይረስ፣ ወደ ቦካ ጁኒየርስ ሄደ።

ቶቲ የለቀቀው በሚቀጥለው ወር ነው። ጋዜጠኞችን የጠራው ወደ ትሪጎሪያ ሳይሆን ወደ ጣሊያን ኦሊምፒክ ኮሚቴ አዳራሽ ነበር፤ አዳራሹ ከኦሊምፒኮ ስታዲየም ጎን፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚያስኬድ ቦታ ላይ ነው። ሮማውያንን ከሮማ የማራቅ ፍላጎት እንዳለ፣ መልቀቁ የእሱ ጥፋት እንዳልሆነ፣ ሌላ ባለቤት ቢመጣና ቢጠራው ሊመለስ እንደሚችል ከአንድ ሰዓት በላይ አስረዳ። ዕለቱ ጁን 17 ነበር፤ የፓርማ መረብ የተርገበገበበትና ሕዝቡ ሜዳውን የወረረበት ቀን 18ኛ ዓመት።